ከመዝለል በፊት መንሳፈፍ፦ ጎንደር ላይ ትንንሽ ልጆችን ዋና ለማስተማር ዝርዝር መመሪያ

የጎንደር ልጅ ዋናን በደንብ የሚያየው በዓመት አንዴ ነው። ጥር 11 ቀን ከቀሃ ወንዝ በመጣ ውኃ የተሞላው የፋሲል መዋኛ ተባርኮ እንዳበቃ ጎረምሳው ከግንቡ ላይ እየተወረወረ ይገባል። ሕፃኑ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያያል። ከዚያ በኋላ ለእሱ ዋና ማለት መዝለል ነው። እኛ ወላጆችም ከዚህ ብዙ አንርቅም። "ወርውረው፣ ራሱ ይለምደዋል" የሚል አጎት በየቤቱ አለ።

አጎትን አትስሙ። የተወረወረ ልጅ የሚለምደው ፍርሃትን ነው። ደፋር ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ መውጣት ሳያውቅ መግባት ይለምዳል። እዚህ የምጽፈው ተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ በጀርባ መንሳፈፍ፣ ከዚያ ዞሮ ጠርዝ መያዝ፣ ከዚያ መቅዘፍ። መዝለል የመጨረሻው ነው።

ስንት ዓመት ሲሆነው?

ከ1 ዓመት ጀምሮ ልጅን ከውኃ ጋር ማላመድ ይቻላል። ያ ግን ጨዋታ ነው። ትምህርት የሚባለውን አብዛኛው ልጅ የሚቀበለው ወደ 4 ዓመት ገደማ ሲጠጋ ነው፤ የተባለውን ይሰማል፣ ተራውን ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ6 ዓመት በላይ ያሉ ልጆች መሠረታዊ ዋናና የውኃ ደኅንነት እንዲማሩ ይመክራል። ምክሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት ወደ 300,000 ሰው በመስጠም ይሞታል። ከእነዚህ ሩብ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

ልጃችሁ 7 ወይም 8 ዓመት ከሆነው አልረፈደም። እንዲያውም ከትንሹ ቶሎ ይይዛል። የሚጥል በሽታ፣ የልብ ችግር ወይም የሚመግል ጆሮ ካለው ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ወቅቱና ገንዳው

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ማሞቂያ የሌለው ገንዳም ሙቀቱን ሲያጣ ያድራል። ለትንንሽ ልጆች ትምህርት የሚመቸው ውኃ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ነው ይባላል። ያንን እዚህ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ የምትጫወቱት በወቅቱና በሰዓቱ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያሉት ወራት የዓመቱ ሞቃት ጊዜ ናቸው። ሰዓቱ ደግሞ ከቀኑ 8 እስከ 10 ይሁን፤ ውኃው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ለብ ብሏል፣ ፀሐይዋም ማቃጠሏን መቀነስ ጀምራለች። ከፍታ ቦታ ላይ ፀሐይ ቆዳ በቶሎ ትለበልባለች። እጅጌ ያለው ጠበቅ ያለ ቲሸርት አልብሱት።

ክረምት ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ይመቻል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የሐምሌና የነሐሴ ሰማይ እንኳን ለዋና ለልብስ ማስጫም አይታመንም። በሌላ ወርም ቢሆን ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ሰው ከውኃ ይውጣ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማንም አይመለስ።

ገንዳ ስትመርጡ ልጁን ከመውሰዳችሁ በፊት ለብቻችሁ ሄዳችሁ እዩ። ጥልቁ ጫፍ ላይ ቁሙና ወደ ታች ተመልከቱ። የገንዳው ወለል ጥርት ብሎ ካልታየ ተመለሱ። የሰጠመ ልጅ የማይታይበት ገንዳ ነው ማለት ነው። ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፒኤቹ (የውኃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት፤ በየስንት ጊዜው እንደሚለካ ጠይቁ። ዓይን የሚያቃጥል ከባድ የክሎሪን ሽታ ደግሞ የንጽሕና ምልክት አይደለም። ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ የሚያመጣው ሽታ ነው። ወለሉ ላይ ያለው የውኃ መምጠጫ ክዳኑ ጠብቆ መታሰሩንም አረጋግጡ፤ ፀጉርና ልብስ ስቦ የሚይዝ ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥልቀቱን በራሳችሁ ቁመት ለኩ። ገብታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመዱ፤ ወለሉ በድንገት የሚወርድበትን ቦታ በእግራችሁ እወቁት። የ5 ዓመት ልጅ በአማካይ 1.10 ሜትር ገደማ ነው። እናንተ "እዚህ ጋ እኮ ወገብ ነው" የምትሉት ውኃ ለእሱ አገጩ ድረስ ነው። ለመማሪያ የሚሆነው ከደረቱ የማያልፍ ውኃ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለ የገንዳው ሰፊ ደረጃ ያገለግላል።

አሠልጣኝ ከተገኘ እሰየው። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ "በአንድ ጊዜ ስንት ልጅ ይይዛሉ?" መዋኘት የማይችሉ ትንንሽ ልጆች ከሆኑ ለአንድ ሰው ከ4 በላይ አይሁኑ። "አሥሩንም እይዛለሁ" ያለ ሰው አንዱንም አልያዘም።

ዕቃው ቀላል ነው። የተጣበቀ ልብስ፣ ሁለት ፎጣ፣ የሚሞቅ ሹራብ፣ በፔርሙስ ሻይ። ጭንቅላቷ ቅቤ የተቀባች ልጅ ካለች በዚያ ሳምንት ፀጉሯ በደንብ ይታጠብ፤ ቅቤ ገንዳ ያበላሻል። የአንገት ማተቡ ረጅም ከሆነ ዋና ላይ እንዳይንጠለጠል አሳጥራችሁ እሰሩት፤ መሰላል ላይ ሊያያዝ ይችላል። ክንድ ላይ የሚጠለቀውን በአየር የሚነፋ ፕላስቲክ እኔ አልወደውም። ልጁን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ዋና ደግሞ ተጋድሞ ነው። በዚያ ላይ ሲወልቅ ወይም ሲተነፍስ ልጁ እችላለሁ ብሎ ያመነበት ነገር ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ሳፋ ላይ የሚጀመረው ትምህርት

የመጀመሪያው ትምህርት ገንዳ አይፈልግም። ለብ ያለ ውኃ ሳፋ ላይ ግማሽ ድረስ ሙሉና ልጁን ፊት ለፊቱ አስቀምጡት። በአፉ አየር ይሳብ፣ ከንፈሩን ውኃው ውስጥ ያድርግና ይንፋ። ቡልቅ ቡልቅ ሲል ይስቃል። ይሳቅ። ውኃ ውስጥ አየር ይወጣል እንጂ እንደማይገባ ሰውነቱ የሚማረው እየሳቀ ነው።

ከንፈሩ ሲለምድ አፍንጫውም ይግባ። አፉን ገጥሞ "እምምም" እያለ ያንጎራጉር። ድምፁ እስካለ ድረስ አየር በአፍንጫው እየወጣ ስለሆነ ውኃ አይገባም፤ ትንም አይለውም። ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ ሙሉ ፊት። ፊቱን ባወጣ ቁጥር ፎጣ አታቀብሉት። ዓይኑን አርገብግቦ ይየው፤ ገንዳ ውስጥ ፎጣ የለም። በጣሳ ራሱ ላይ ውኃ ማፍሰስም እዚሁ ይለመድ፤ ጣሳውን ግን እሱ ይያዘው። ራሱ ሲያፈሰው አይፈራም።

ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቅንጦት አይምሰላችሁ፤ ያው ውኃ በኋላ ወለል ይታጠብበታል። ብቻ ሲያልቅ ሳፋው ወዲያው ይደፋ ወይም ይነሳ። ውኃ ሲመጣ የምንሞላው በርሜልና ባልዲም ክዳን ይኑረው። ድክ ድክ የሚል ሕፃን ጥቂት ሴንቲሜትር ውኃ ውስጥ በፊቱ ቢደፋ ሊሰጥም ይችላል፤ ሲሰጥም ድምፅ አያሰማም።

ገንዳ ውስጥ የመጀመሪያው ቀን

የመጀመሪያው ቀን ሕግ ነው። ሦስት ብቻ ይበቃል፦ ትልቅ ሰው "ግባ" ሳይል አይገባም፣ ጠርዝ ላይ አይሮጥም፣ ማንንም ወደ ታች አይደፍቅም። ለእናንተ ደግሞ አንድ ሕግ አለ። መዋኘት የማይችል ልጅ ውኃ ውስጥ እያለ ሁልጊዜ እጃችሁ ይድረስበት። "እያየሁት ነው" አይበቃም። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ብዙ ቤተሰብ አብሮ ከሄደ አንድ ሰው ጠባቂ ተብሎ በስሙ ይሰየም፣ በየሩብ ሰዓቱ ይቀያየር። ሁሉም ያያል ሲባል ማንም አያይም።

አገባቡን አስተምሩት። ጠርዝ ላይ ይቀመጥ፣ በሆዱ ይገልበጥ፣ እግሩን አስቀድሞ እየተንሸራተተ ይውረድ። ወዲያው ደግሞ ይውጣ፦ ሁለት ክርን ጠርዝ ላይ፣ ከዚያ ሆድ፣ ከዚያ ጉልበት። ይሄን ደጋግሙት። መውጣት የሚያውቅ ልጅ ለመግባት አይፈራም። ቀጥሎ ጠርዙን በሁለት እጁ ይዞ በጎን በጎን ገንዳውን ይዙር። የቀረው ጊዜ የሳፋው ጨዋታ ነው፤ ቡልቅ ቡልቁ አሁን በትልቅ ውኃ።

20 ደቂቃ ሲሞላ ውጡ። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ጥርሱ ከተንገጫገጨ ከዚያም በፊት ውጡ። የበረደው ልጅ አይማርም፤ የሚያስታውሰው ብርዱን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን አጭር አጭር ትምህርት እሑድን ሙሉ ውኃ ውስጥ ከመዋል ይሻላል።

በጀርባ መንሳፈፍ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከዚህ መመሪያ አንዱን ብቻ የምታስተምሩት ከሆነ ይሄን አስተምሩት። በጀርባው መንሳፈፍ የሚችል ልጅ አፍና አፍንጫው ከውኃ ውጭ ነው፤ ይተነፍሳል፣ ይጮኻል፣ ሰው እስኪደርስለት ይቆያል።

መነሣትን ከመንሳፈፍ በፊት አስተምሩት። ብዙ ልጅ የሚደነግጠው ስለተንሳፈፈ ሳይሆን ከተንሳፈፈበት እንዴት እንደሚቆም ስለማያውቅ ነው። በእጃችሁ አጋድማችሁ ይዛችሁ "ጉልበት ወደ ሆድ፣ አገጭ ወደ ደረት፣ ቁም" በሉት። ጉልበቱን ሲሰበስብ መቀመጫው ይወርዳል፣ ራሱ ይነሣል፣ እግሩ ወለል ያገኛል። ሳትለቁት ይህን ያለ ማመንታት ሲያደርግ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

አሁን ከራሱ በኩል ቁሙ። አንድ መዳፋችሁ ከማጅራቱ ሥር፣ ሌላው ከወገቡ ሥር ይሁን። ትከሻችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ፊታችሁ ከፊቱ በላይ ቅርብ ሆኖ ይታየው። ሦስት ነገር ንገሩት፦ "ጆሮህን ውኃ አጠጣው፣ ሆድህን ለሰማይ አሳየው፣ እጅህን ዘርጋ።" የጆሮው ነገር ያስቸግራል። ውኃ ጆሮው ውስጥ ሲገባ ድምፅ ይታፈናል፤ ልጁ ይደነግጥና ራሱን ቀና ያደርጋል። ራሱ ቀና ባለ ቁጥር መቀመጫው ይወርዳል፣ መሐሉ ላይ ይታጠፋል፣ ይሰጥማል። ስለዚህ እግሩ ሲሰጥም ብታዩ እግሩን አታንሡለት። ስሕተቱ ያለው አገጩ ላይ ነው። አገጩን ወደ ላይ አድርጉለት፤ እግሩ በራሱ ይመጣል።

እጃችሁን በአንዴ አታንሡ። መጀመሪያ የወገቡን መዳፍ ወደ ሁለት ጣት ቀንሱ። ቀጥሎ አንሡት፣ ግን ከሥሩ አታርቁት። ከማጅራቱ ሥር ያለው እጅ መጨረሻ ነው የሚለቀው። ትንፋሹን ሞልቶ ይያዝ፤ በአየር የተሞላ ሳንባ ደረቱን ያነሣዋል። እስከ 3 ቁጠሩ፣ ሌላ ቀን እስከ 5፣ ከዚያ እስከ 10። አንድ ነገር ግን አደራ፦ "አለቅህም" ብላችሁ አትልቀቁት። "አሁን እጄን ላነሣ ነው፣ እዚሁ ነኝ" በሉት። አንዴ የተታለለ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አንገታችሁ ላይ ነው የሚጠመጠመው።

ቀጫጭን ልጆች አገጫቸው ወደ ላይ ሆኖም እግራቸው ይሰጥማል፤ ያ ጥፋት አይደለም። ቀስ ብለው እግራቸውን ቢያንቀሳቅሱ ይነሣል። ለእጁ መደገፊያ ከፈለጋችሁ ክዳኑ የጠበቀ ባለ 2 ሊትር ባዶ ሃይላንድ በየእጁ ይያዝ። ሲለምድ አንዱን ውሰዱበት።

መገልበጥና ጠርዝ መያዝ

በጀርባው 10 ቁጥር የቆየ ልጅ አሁን በሆዱ ይንሳፈፍ። ፊቱ ውኃ ውስጥ፣ እጁ ወደ ፊት፣ "እምምም" እያለ። ከዚያ ግድግዳውን በእግሩ ገፍቶ ወደ እናንተ ይንሸራተት። በአንድ እርምጃ ርቀት ጀምሩ። እየመጣ እያለ ወደ ኋላ እየሸሻችሁ አታርቁበት፤ ይሄ ማታለል ነው፣ ልጆችም አይረሱትም።

ቀጥሎ ሁለቱን አያይዙ። በሆዱ ይንሸራተታል፣ አየር ሲያልቅበት በጎኑ ይዞራል፣ በጀርባው ሆኖ ይተነፍሳል፣ ተመልሶ በሆዱ ይገለበጣል። ሲገለበጥ የሚመራው ጭንቅላቱና ትከሻው ነው። ይሄ የያዘው ልጅ ርቀት አይፈራም፤ በደከመው ቁጥር ማረፊያው አብሮት ነው።

በመጨረሻም ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ሁለት እርምጃ ያህል ይራቅና "ዙር፣ ያዝ" በሉት። ዞሮ ጠርዝ መያዝ በየትምህርቱ መዝጊያ ላይ ይደጋገም፤ ሳያስብ የሚያደርገው እስኪሆን። ገንዳ ውስጥ የወደቀ ልጅ የሚያድነው የቅርቡ ጠርዝ ነው፣ ወዲያ ማዶ ያለው አይደለም።

እግርና እጅ

እግር ከጉልበት ሳይሆን ከታፋ ይነሣል። ልጆች ብስክሌት የሚነዱ ይመስል ጉልበታቸውን ያጥፋሉ፤ ውኃው ይናወጣል እንጂ አይሄዱም። ቁርጭምጭሚቱ ይላላ፣ እርግጫው ትንሽና ፈጣን ይሁን። ጠርዝ ይዞ ይለማመድ፣ ከዚያ ሃይላንዱን ይዞ። እጁ መጀመሪያ የውሻ ዋና ይሁንለት። ከውኃ ሥር መዳፉን ወደ ራሱ እየሳበ። አሠልጣኞች አንዳንዴ ይሄን ይንቁታል። እኔ ግን ለ5 ዓመት ልጅ አሪፍ ነው እላለሁ። ክንድ ከውኃ አውጥቶ መቅዘፉ፣ ትንፋሽን በጎን መሳቡ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ትንፋሽ የመያዝ ውድድር ግን ክልክል ነው። በተለይ በተከታታይ በኃይል ተንፍሶ መጥለቅ ልጅን ውኃ ሥር ራሱን እንዲስት ያደርገዋል፤ ከላይ ሲታይ የሚጫወት ነው የሚመስለው።

ጥልቅ ውኃና ዝላይ

አሁን ይዝለል። እናንተ ውኃ ውስጥ ሆናችሁ፣ እግሩን አስቀድሞ፣ ከጠርዝ ራቅ ብሎ። ዘሎ ይገባል፣ ይወጣል፣ ዞሮ ጠርዙን ይይዛል። በጭንቅላት መግባት በዚህ ዕድሜና በዚህ ጥልቀት የለም። አንድ ቀን ደግሞ በሱሪና በሹራብ አስገቡት፤ ልጅ በእውነት ውኃ ውስጥ ሲወድቅ የዋና ልብስ ለብሶ አይደለም።

ተማረ ለማለት በአንድ ጊዜ፣ ሳያርፍ፣ ይህን ያድርግ፦ ከቁመቱ ወደሚያልፍ ውኃ ዘሎ ይግባና ወደ ላይ ይውጣ፣ 1 ደቂቃ ይንሳፈፍ ወይም ባለበት ይቅዘፍ፣ ዙሪያውን ዞሮ መውጫውን ይፈልግ፣ 25 ሜትር ያህል ይዋኝ፣ ያለ መሰላል ይውጣ። ገንዳው አጭር ከሆነ ይመላለስ። አብዛኛው ልጅ እዚህ የሚደርሰው በአንድ ወቅት አይደለም። በክረምቱ የሚረሳው ይኖራል፤ በየካቲት ከመንሳፈፉ እንደገና ጀምሩ።

ሌላው ሲሰጥም

ዋና የተማረ ልጅ ጓደኛውን ላድን ብሎ ዘሎ ይገባል። ሁለት ልጅ የሚጠፋው እንዲህ ነው። ገና በመጀመሪያው ወር "ጩህ፣ ወርውር፣ አትግባ" የሚለውን አስጠኑት። የሚወረወረው ክዳኑ የተገጠመ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ነው፤ ሰው ያንሳፍፋል፣ በየቤቱም አለ። ገመድ ከታሰረበት ደግሞ ይጎተታል። ጠርዝ አጠገብ ከሆነ በሆድ ተኝቶ እንጨት ወይም ነጠላ መዘርጋት ነው።

የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ ሆዱን አትጫኑ፣ በእግሩ አታንጠልጥሉት። ይሄ ልማድ ጊዜ ይገድላል። በጀርባው አስተኙት፣ ራሱን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ 5 ትንፋሽ ስጡት። ካልተንቀሳቀሰና ካልተነፈሰ ደረቱ መሐል 30 ጊዜ ተጫኑ፣ 2 ትንፋሽ ስጡ፣ እርዳታ እስኪደርስ ቀጥሉ። ሌላ ሰው በዚያው ቅጽበት የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ይጥራ። ነቅቶ ቢነሣም ሆስፒታል ይሂድ።

ወንዝና ጣና

ገንዳ ውስጥ ፈተናውን ያለፈ ልጅ ለወንዝ አልደረሰም። ቀሃ፣ አንገረብና መገጭ በክረምት ሲሞሉ ጭቃና ጉልበት ይዘው ነው፤ የትላንቱ ጥልቀት ዛሬ የለም። ግድብም የመዋኛ ቦታ አይደለም። ለግንባታ ተቆፍሮ ዝናብ የሞላው ጉድጓድ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ዳሩ ያዳልጣል፣ መውጫ የለውም። ሰፈራችሁ ውስጥ ካለ ባለቤቱን እንዲያጥረው ጠይቁት።

ጎርጎራ ሄዳችሁ ጣና ዳር ስትሆኑ ሌላ ጉዳይ አለ። የሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ የሚባል የትል በሽታ ያለበት ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ሣርና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ ማለትም ለልጅ ይመቻል የምንለው ቦታ፣ ዋናው መያዣው ነው። ልጁ ገብቶ ከተገኘ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩት፤ መድኃኒት አለው።

ጀልባ ላይ ከወጣችሁ መዋኘት ቢችልም ላይፍ ጃኬት ይልበስ። በክብደቱ ልክ መሆኑን እንዲህ እዩ፦ ሁሉንም ማሰሪያ እሰሩ፣ እጁን ወደ ላይ ያንሣ፣ ጃኬቱን ከትከሻው ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጆሮው ጋ ከደረሰ ሰፍቶታል፤ ሌላ ጠይቁ። ሌላ ከሌለ በዚያ ጀልባ አትሂዱ።